ርካሹን ለምን ይመርጣሉ? ጣሪያው የሚከፈት ስፖርት መኪና በደንገጎ ዳገት ሲመዘን

ሰባ ሺህ ዶላር አውጥቶ ስፖርት መኪና መግዛት የሚችል ሰው በሠላሳ ሺህ የሚሸጠውን ሲመርጥ ምን አስቦ ነው? ለድሬዳዋና ለሐረር አንባቢ ጥያቄው ራሱ ቅንጦት ሊመስል ይችላል። ሠላሳ ሺህ ዶላር «ርካሽ» የሚባልበት ገበያ ከኪሳችን ሩቅ ነው። ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ጣሪያዋ ተከፍቶ ፀሐይ አናት ላይ የምታወርድ መኪናስ በድሬዳዋ የቀትር ሐሩር ምን ትሠራለች? ይህን ሁሉ እቀበላለሁ። ይሁን እንጂ መኪና ወዳጆች ከሠላሳ ዓመት በላይ ሲከራከሩበት የኖሩት ይህ ጉዳይ ስለ ገንዘብ ከሚነግረን ይልቅ ስለ ክብደት፣ ስለ መንገድና ስለ ፍጥነት ስሜት የሚነግረን ይበልጣል። መፈተኛ የሚሆን መንገድ ደግሞ ከደጃችን አለ፤ ከድሬዳዋ ተነስቶ በደንገጎ በኩል ሐረር የሚገባው።

ክርክሩ ብዙ ሞዴሎችን ይነካል፤ ለማብራራት ግን ሁለቱን መያዝ ይበቃል። አንዷ የጃፓኗ ማዝዳ ኤምኤክስ 5 ናት፤ አሜሪካኖች ሚያታ ይሏታል። ሌላው የጀርመኑ ፖርሸ 718 ቦክስተር ነው። ሁለቱም ባለ ሁለት መቀመጫ ናቸው፤ ሁለቱንም የሚገፋቸው የኋላ ጎማ ነው፤ የሁለቱም ጣሪያ ጨርቅ ሆኖ ወደ ኋላ ይታጠፋል። የማዝዳዋ መነሻ ዋጋ በአሜሪካ 30 ሺህ ዶላር ገደማ ነው። የቦክስተሩ ምርት በ2025 እስኪቆም ድረስ በነበሩት የመጨረሻ ዓመታት (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ) መነሻው ከ70 ሺህ ዶላር አልፎ ነበር። ያውም ባዶውን ነው። ፖርሸ ቸርኬውን፣ መቀመጫውን፣ ቀለሙን ሳይቀር ለየብቻ እየተመነ የሚሸጥ ኩባንያ ስለሆነ፣ ገዢው ምርጫውን ጨርሶ ሲነሳ ሂሳቡ በብዙ ሺህ ዶላር አድጎ ያገኘዋል።

በወረቀት ላይ ፖርሸው ያሸንፋል። መነሻ ሞዴሉ 300 የፈረስ ጉልበት አለው፤ ከቆመበት ተነስቶ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ለመድረስ አምስት ሰከንድ ያህል ይበቃዋል፤ የመጨረሻ ፍጥነቱ 275 ኪሎ ሜትር ነው። ማዝዳዋ 181 የፈረስ ጉልበት ይዛ ለዚያው 100 ኪሎ ሜትር ስድስት ሰከንድ ተኩል ያስፈልጋታል፤ የመጨረሻ ፍጥነቷም 220 አይሞላም። የፖርሸው ሞተር ከመቀመጫው ጀርባ፣ ከኋላ ጎማዎቹ ፊት ስለተቀመጠ ከባዱ ዕቃ የሚያርፈው መኪናው መሃል ላይ ነው፤ ኩርባ ላይ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ማዝዳዋም ሞተሯ ፊት ቢሆንም ክብደቷን በፊትና በኋላ ጎማ ላይ እኩል ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ አካፍላለች፤ ሆኖም መንገድ የመያዝ አቅሟ ከፖርሸው አይደርስም። ፖርሸው የተሻለ ማሽን ነው፤ ይህን የሚክድ የማዝዳ ባለቤት ካለ ፍቅር ጋርዶታል። መጠየቅ ያለበት ከዚያ ብልጫ ውስጥ ምን ያህሉ ለአሽከርካሪው ይደርሳል የሚለው ነው።

እስቲ ወደ ደንገጎ እንውጣ። ድሬዳዋን ለቆ የሚወጣው መንገድ ሜዳውን ጨርሶ ተራራውን ሲጀምር ቀጥታ የሚባል ነገር እየጠፋ ይሄዳል። ጥምዝ፣ አጭር ዳገት፣ እንደገና ጥምዝ። ከፊት ጭነት የበዛበት አይሱዙ በዝቅተኛ ማርሽ ይንፏቀቃል፤ ከላይ የአወዳይን ጫት የጫነ መኪና ጡሩንባውን እየነፋ ይወርዳል፤ ከዳር የቆሙ ፍየሎች ድንገት ሐሳባቸውን ይለውጣሉ። በዚህ መንገድ ላይ ፖርሸውን የያዘ ሰው ሁለተኛ ማርሽ አስገብቶ ነዳጁን እስከ ወለሉ ቢረግጥ፣ ማርሽ ሳይቀይር በሰዓት 100 ኪሎ ሜትርን ያልፋል። ለዚህ የሚያስፈልገው ጥቂት ሰከንድ ነው፤ ኩርባው ግን ከዚያ በፊት ይደርሳል። ስለዚህ ገና ሞተሩ ድምፁን መክፈት ሲጀምር እግሩን ያነሳል። ፍሬን ይይዛል፤ ፍሬኑ ለ275 ኪሎ ሜትር የተሠራ በመሆኑ ምንም ሳይጨነቅ ፍጥነቱን ያበርድለታል። መሪውን ያዞራል፤ ጎማው ሰፊ ነውና መኪናው ቅንጣት ሳይንገዳገድ ይታጠፋል። ሁሉም ነገር እንከን ሳይገኝበት ተከናወነ። አሽከርካሪው ግን ከመኪናው አቅም ጥቂቱን ብቻ ነክቶ ወጣ። ቀሪውን መቅመስ ከፈለገ ወይ የውድድር ሜዳ መፈለግ፣ ወይ ሕግንም ነፍሱንም በመያዣነት ማቅረብ ይኖርበታል።

ማዝዳዋ እዚያው ኩርባ ላይ አሽከርካሪዋን ሥራ ታስይዘዋለች። ሞተሯ ሙሉ ጉልበቱን የሚሰጠው በደቂቃ 7 ሺህ ዙር ላይ ሲደርስ ስለሆነ እያንዳንዱን ማርሽ እስከ መጨረሻው መጎተት አለበት። ከኩርባው በፊት ፍሬን ሲይዝ የመኪናዋ አፍንጫ ዝቅ ይላል፤ ክብደቱ ወደ ፊት ጎማዎች መሻገሩን በመቀመጫው በኩል ያውቀዋል። በግራ እግሩ ፍሪሲዮን ረግጦ ማርሹን ወደ ሁለተኛ ይመልሳል፤ እጀታው አጭር ነውና ሥራው ከእጅ አንጓ አያልፍም። መሪውን ሲያዞር መኪናዋ ወደ ውጭ ዘንበል ትላለች። ጎማው የመያዝ አቅሙ ሊያልቅ ሲቃረብ መሪው በእጁ ላይ ቀለል ይለዋል፤ ነዳጁን ጥቂት ሲቀንስ መልሶ ይከብዳል። ከኩርባው ሲወጣ እንደገና ነዳጅ፣ እንደገና ማርሽ። ይህ ሁሉ የሚሆነው የትራፊክ ፖሊስ ቢያየው እንኳ በማያስቆመው ፍጥነት ነው። ያን ዝንባሌ ብዙዎች እንደ ጉድለት ይቆጥሩታል። እኔ ከመልካም ጠባዮቿ አንዱ ነው ባይ ነኝ፤ መኪናዋ ምን ያህል እንደቀራት አስቀድማ የምትናገርበት መንገድ ነውና።

የድሬዳዋ ሰው ይህን ስሜት ከባጃጅ ያውቀዋል። ባጃጅ ውስጥ የተቀመጠ ሰው በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ላይ ነፋሱ ፊቱን እየመታው፣ አስፋልቱ ከእግሩ አጠገብ ሲሮጥ እያየ፣ የሚበርር ይመስለዋል። በተዘጋ ላንድክሩዘር ውስጥ 80 ላይ ያለ ሰው ደግሞ ያዛጋል። ሰውነታችን ፍጥነትን በቁጥር አይረዳም። የሚረዳው በነፋስ፣ በድምፅ፣ በንዝረት፣ በዓይን ዳር በሚያልፈው ነገር ነው። ዝቅ ብሎ መቀመጥና ጣሪያውን ማጠፍ እነዚህን ምልክቶች ሁሉ ያበዛቸዋል። መኪና እየተወደደ ሲሄድ ግን ከገንዘቡ ብዙው የሚወጣው ምልክቶቹን ለማጥፋት ነው። መስታወቱ ይወፍራል፣ የድምፅ ማፈኛው ይደራረባል፣ አሞርዛተሩ ጉድጓዱን ይደብቃል። ከድሬዳዋ አዲስ አበባ ለሚጓዝ ሰው ይህ በረከት ነው። ለመንዳት ሲል ብቻ ለሚነዳ ሰው ግን የሚፈልገውን ነገር የሚቀንስለት መኪና ብዙ ገንዘብ እያስከፈለ ነው ማለት ነው።

ወደ ክብደት እንምጣ፤ የጉዳዩ እምብርት እዚህ ነው። ማዝዳዋ 1,060 ኪሎ ግራም ገደማ ትመዝናለች፤ መነሻው ቦክስተር 1,335። በእንቅስቃሴ ላይ ያለ አካል የያዘው ኃይል ከክብደቱ ጋር በእኩል መጠን፣ ከፍጥነቱ ጋር ደግሞ በፍጥነቱ ካሬ ልክ ያድጋል። ስለዚህ በእኩል ፍጥነት ላይ ፖርሸው ማዝዳዋ ካላት በሩብ የሚበልጥ ኃይል ተሸክሟል፤ ፍሬኑም ያን ትርፍ ወደ ሙቀት ለውጦ መጣል አለበት። ለዚያ ትልልቅ የፍሬን ዲስክ ያስፈልገዋል። ትልልቅ ዲስክ ትልልቅ ቸርኬ ይፈልጋል። ከባድ ቸርኬ ጉድጓድ ላይ ሲዘል የሚገራው ጠንካራ ሞላና አሞርዛተር ያሻል። ይህ ሁሉ ራሱ ክብደት ነው፤ ክብደቱን የሚጎትተው ሞተር መጠንከር አለበት፤ የጠነከረው ሞተር ተጨማሪ ማቀዝቀዣ፣ የጠነከረ የማርሽ ሳጥን ይጠይቃል። እያንዳንዱ መፍትሔ ለሚቀጥለው ችግር በር ይከፍታል፤ ዋጋውም በየደረጃው አብሮ ይወጣል።

ቀላል መኪና ሰንሰለቱን ከመነሻው ይበጥሰዋል። የማዝዳዋ ጎማ ስፋት በአራቱም ማዕዘን 205 ሚሊ ሜትር ነው፤ የቦክስተሩ ከፊት 235፣ ከኋላ 265። ጠባብ ጎማ ዋጋው ያንሳል፤ አራቱም አንድ ዓይነት ሲሆኑ እያቀያየሩ በእኩል ማስጨረስም ይቻላል። ከሁሉ በላይ ግን ጠባብ ጎማ መንሸራተት የሚጀምረው በዝቅተኛ ፍጥነትና በዝግታ ነው፤ የሳተ አሽከርካሪ ለማረም ጊዜ ያገኛል። ሰፊ ጎማ ብዙ ይይዛል፤ ሲለቅ ግን ፍጥነቱ ቀድሞውኑ ከፍ ብሎ ነው የሚለቀው። እንዲህ ስናየው የማዝዳዋ ርካሽነት በአብዛኛው ከቅለቷ የመጣ እንጂ ኩባንያው ጥራት ቆጥቦ ያመጣው አይደለም።

ይህ የታሰበበት ነገር ነበር። በ1960ዎቹ ቀላልና ርካሽ ክፍት መኪና የእንግሊዞች ሙያ ነበር፤ ኤምጂ፣ ትራየምፍ፣ ሎተስ። ለመንዳት ደስታ፣ ለባለቤቱ ራስ ምታት። ዘይት ያንጠባጥባሉ፣ ኤሌክትሪካቸው ይጠፋል፣ ዝናብ ያስገባሉ። በ1970ዎቹ የአሜሪካ የደህንነትና የጭስ ደንብ ሲጠብቅባቸው ደከሙ፤ የመጨረሻዋ ኤምጂ ቢ በ1980 ከፋብሪካ ወጣች፤ ገበያው ባዶ ሆነ ማለት ይቻላል። ቦብ ሆል የተባለ አሜሪካዊ የመኪና ጋዜጠኛ በ1979 ለማዝዳው ኃላፊ ለኬንኢቺ ያማሞቶ ያቀረበው ሐሳብ ይኸው ነበር፤ የእንግሊዞቹን ዓይነት መኪና ሥሩ፣ የማትበላሽ አድርጋችሁ። ሆል በኋላ እሱ ራሱ ማዝዳ ተቀጠረ። በቶሺሂኮ ሂራይ የተመራው ቡድን የሠራት መኪና በ1989 በቺካጎ የመኪና ትርኢት ላይ ቀረበች። ሞተሯ 1.6 ሊትር፣ ጉልበቷ 116 የፈረስ ጉልበት፣ ክብደቷ ከአንድ ቶን በታች፣ ዋጋዋ 13,800 ዶላር።

ቡድኑ ገንዘቡን የት እንዳዋለና የት እንዳልነካው ማየት ጥሩ ነው። መነሻ ሞዴሏ መስኮቷ በእጅ የሚዞር፣ አየር ማቀዝቀዣ የሌላት ነበረች (ለድሬዳዋ ይህ ብቻ ይበቃል ከዝርዝር ለማስወጣት)። ነገር ግን የማርሽ ሳጥኑንና ጉልበቱን ለኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለውን ዲፈረንሻል በአንድ ረጅም የአሉሚኒየም ምሰሶ አሰሯቸው። ያለዚያ ምሰሶ አሽከርካሪው ነዳጅ በሰጠ ቁጥር ዲፈረንሻሉ በማረፊያ ላስቲኮቹ ላይ ጥቂት ይጠማዘዛል፤ ያች ጥቂት መጠማዘዝ በእግርና በመንገድ መካከል የምትገባ መዘግየት ናት። ምሰሶው ዘጋት። ለሞተሩ አንድ የፈረስ ጉልበት እንኳ አልጨመረም፤ በማስታወቂያ ላይ የሚጻፍ ቁጥርም አይወጣውም። ዓላማቸው ፈረስና ፈረሰኛ አንድ አካል እንደሚሆኑት ዓይነት አነዳድ ነበርና ገንዘቡ እዚያ ዋለ። ገዢው ገብቶታል። በ2000 ጊነስ በዓለም በብዛት የተሸጠች ባለ ሁለት መቀመጫ ስፖርት መኪና ብሎ መዘገባት፤ በሚያዝያ 2016 አንድ ሚሊዮንኛዋ ተሠራች። ቢኤምደብሊው ዜድ 3ን በ1995፣ መርሰዲስ ኤስኤልኬን በ1996 ይዘው የመጡት፣ ቦክስተሩም በዚያው ዓመት የተወለደው ይህች ትንሽ መኪና ገበያው እንዳልሞተ ካሳየች በኋላ ነው።

ጣሪያን ማንሳት በራሱ ዋጋ አለው። ጣሪያ ዝናብና ፀሐይ ከመከልከሉ ሌላ የመኪናውን ፊትና ኋላ ከላይ ሆኖ የሚያስር አካል ነው። ሲነሳ ወለሉ ሸክሙን ሁሉ ብቻውን ይሸከማል፤ ካልተጠናከረ ጉድጓድ ላይ ገላው ይጠማዘዛል፤ ማጠናከሪያው ደግሞ ላሜራና ኪሎ ነው። ሐረር ለዚህ ጥሩ ምስክር አላት። ለአሠርት ዓመታት በጀጎል በሮችና በፈረስ መጋላ ታክሲ ሆና ያገለገለችው ፔዦ 404 በ1960 የወጣች ባለ አራት በር የቤተሰብ መኪና ናት። ብዙ ሰው የማያውቀው ጣሪያዋ የሚከፈት እህት እንደነበረቻት ነው። ሞተሯ ያው 1.6 ሊትር፤ ገላዋ ግን በጣሊያን፣ በገላ ሠሪው በፒኒንፋሪና ፋብሪካ ለብቻው ይሠራ ነበር። ዋጋዋ ከባለ ጣሪያዋ እጅግ የራቀ ነበር፤ የተሠራውም ጥቂት ነው። ገዢው ብዙ ገንዘብ ከፍሎ ያገኘው ፍጥነት አልነበረም። ሐረር የደረሰችው ግን ርካሿ ናት፤ ከ1963 እስከ 1968 ባለው ጊዜ የምሥራቅ አፍሪካን ሳፋሪ ውድድር አራት ጊዜ ያሸነፈችውም እሷው ባለ ጣሪያዋ ናት። ብዛታቸው ቢመናመንም የሐረር መካኒኮች እጅ አሁንም ያውቃቸዋል።

ማዝዳዋ ይህን ወጪ የቀነሰችው ከመጀመሪያው ወለሏ ያለ ጣሪያ እንዲቆም ሆኖ በመነደፉ ነው፤ ቦክስተሩም እንዲሁ። የሚለያዩት በአከፋፈታቸው ነው። ቦክስተሩ ላይ ቁልፍ ሲጫኑ ሞተር ያንቀሳቅሰዋል፤ ዘጠኝ ሰከንድ ገደማ ይፈጃል፤ መኪናው እየሄደም፣ እስከ 50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ድረስ፣ መክፈትና መዝጋት ይቻላል። ማዝዳዋ ላይ አሽከርካሪው ከመስታወቱ በላይ ያለችውን አንድ መቆለፊያ ፈትቶ ጨርቁን በቀኝ እጁ ወደ ኋላ ይወረውረዋል፤ ጠቅ ብሎ እስኪያርፍ በእጁ ይጫነዋል። ከመቀመጫው አይነሳም። ሲዘጋም እጁን ወደ ኋላ ልኮ ይጎትተዋል፤ ከጥቂት ሰከንድ አይዘልም። ሞተር የለም፣ ሽቦ የለም፣ ከሃያ ዓመት በኋላ የሚነክስ ማርሽ የለም። ለድሬዳዋ አየር ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ እዚህ ጣሪያ የሚከፈተው ፀሐይ ከወረደች በኋላ፣ በከዚራ ሰፈር ዛፎች ሥር ነፋስ መንቀሳቀስ ሲጀምር ነው። ቀን ቀን ተዘግቶ ይውላል።

አሁን ለፖርሸው አንድ ነጥብ መስጠት ይገባል፤ ይህም የእኛ አገር ነጥብ ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሐረር 1,900 ሜትር ገደማ። ከፍ ባልን ቁጥር አየሩ ይሳሳል፤ ሞተር ደግሞ ነዳጅ የሚያቃጥለው በአየር ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ አሥር በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል። የማዝዳዋ ሞተር በራሱ እስትንፋስ የሚሠራ ስለሆነ ከ181 የፈረስ ጉልበቷ ሐረር ስትደርስ የሚቀራት ከ150 ያነሰ ነው። መነሻው ቦክስተር ግን ከ2016 ጀምሮ ባለ አራት ሲሊንደር ቱርቦ ሞተር ነው የያዘው፤ ቱርቦው ስስ የሆነውን አየር አምቆ ስለሚያስገባ ጉድለቱን በብዛት ያካክሳል። አውሮፓ ውስጥ የፖርሸ አፍቃሪዎች የድሮው ስድስት ሲሊንደር ድምፅ ጠፋብን ብለው ያማረሩበት ያ ሞተር እዚህ ዳገት ላይ ይመሰገናል። ስለዚህ ደንገጎ ላይ በሁለቱ መካከል ያለው የጉልበት ልዩነት ወረቀቱ ከሚለው ይሰፋል። ኩርባዎቹ ግን ያው ናቸው፤ ተጨማሪውም ጉልበት የሚጠብቀው ያንኑ ቀጥታ መንገድ ነው።

ገንዘቡን በተመለከተ ዋናው ነገር የግዢው ዋጋ አይደለም። ለምሳሌ ያህል ሁለቱም መኪናዎች በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከዋጋቸው 40 በመቶ ቢያጡ፣ የማዝዳዋ ባለቤት 12 ሺህ ዶላር ይከስራል፤ የፖርሸው 28 ሺህ። በመቶኛ እኩል ሆነው በገንዘብ ከእጥፍ በላይ ይራራቃሉ። ኢንሹራንሱም፣ ጎማውም፣ የፍሬን ዲስኩም መሠረቱን ተከትሎ ይሄዳል። ብልጥ የሆነ ሰው «ታዲያ ያገለገለውን ፖርሸ በአዲሷ ማዝዳ ዋጋ ብገዛስ?» ይላል። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ብዙዎችም ያደርጉታል። ነገር ግን መኪና ሲያረጅ የሚወርደው መሸጫው እንጂ መጠገኛው አይደለም። ከ1997 እስከ 2008 በወጡት ቦክስተሮች ሞተር ውስጥ ያለች አንዲት ኩሽኔታ ለዚህ የታወቀች ምሳሌ ናት። የመካከለኛውን ዘንግ የምትይዝ ትንሽ ዕቃ ናት፤ በአብዛኞቹ መኪኖች ላይ ምንም አትሆንም፤ በተሰበረችበት ግን ሞተሩን ሙሉ ይዛው ትሄዳለች። የሞተሩ ዋጋ አንዳንድ ጊዜ ከመኪናው ዋጋ ይበልጣል። ያረጀ የጀርመን የቅንጦት መኪና በርካሽ ገዝቶ መለዋወጫ ፍለጋ የተንከራተተ ሰው በድሬዳዋም በሐረርም ስለማይጠፋ ይህን ማብራራት አያስፈልገኝም።

በሂሳብ የማይገባ ሌላ ወጪ አለ፤ ፍርሃት። ውድ መኪና የገዛ ሰው የት እንደሚያቆመው ያስባል። ጀጎል ውስጥ ጉዳይ ቢኖረው፣ የግንቡ ውስጥ ጠባብ መንገዶች ለመኪና አይሆኑምና ፈረስ መጋላ ላይ ወይም ከበሩ ውጭ ትቶት ይገባል። ከዚያ ልቡ መኪናው ጋር ነው። ማን ተደገፈበት? የትኛው ጋሪ ታከከው? ዝናብ ዘንቦ ድንጋይ በወረደበት መንገድ አይወጣም፤ ለዘመድ ልጅ አያውሰውም፤ ለእሑድ ያስቀምጠዋል፤ እሑድም እንግዳ ይመጣል። መኪናው ኪሎ ሜትር ሳይቆጥር ዓመት ይቆጥራል። ብዙ ያገለገሉ ውድ ስፖርት መኪናዎች በጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ለሽያጭ የሚቀርቡት ባለቤታቸው ስላልወደዳቸው አይመስለኝም። ርካሿ መኪና ስትጫር ባለቤቷ ይናደዳል፤ በማግስቱ ግን ይነዳታል። በአሜሪካ ያረጁ ሚያታዎች ብቻ የሚሽቀዳደሙበት የታወቀ የውድድር ምድብ የኖረውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ተጋጭቶ መለዋወጫ ለመግዛት የማያስጨንቅ መኪና ሲኖር ሰው ይለማመዳል።

ታይታን እንዳንረሳ። የፖርሸ ዓርማ በአንዳንድ ሰዎች ዓለም ውስጥ ራሱ ሥራ አለው፤ የንግድ ሸሪክ ያሳምናል፣ የሠርግ አጃቢ ያስመራል። ለዚያ የገዛ ሰው ገንዘቡን አላባከነም፤ የፈለገውን አግኝቷል። በሌላ በኩል ርካሹን የመረጠ ሰውም ከታይታ ነፃ ነው ብዬ አልምልም። «እኔ የምነዳው አውቄ ነው፤ አንተ የከፈልከው ለስሙ ነው» የሚል ኩራት አለ፤ አንዳንዴም ከፖርሸው ጡሩንባ በላይ ይሰማል።

ውዱ የሚገባው ሰው ደግሞ አለ። ቁመቱ ረጅም የሆነ ሰው ማዝዳዋ ውስጥ ጉልበቱ መሪውን ይነካል፤ ይህ በፍልስፍና አይፈታም። የማዝዳዋ የዕቃ ማስቀመጫ 130 ሊትር ገደማ ብቻ ነው፤ ቦክስተሩ ሞተሩ መሃል ስለሆነ ከፊትም ከኋላም ማስቀመጫ አለው። ሜዳ ላይ ለውድድር የሚወጣ፣ ወይም የፍጥነት ገደብ በሌለባቸው የጀርመን አውራ ጎዳናዎች ዘወትር የሚመላለስ ሰው የፖርሸውን ብልጫ በየቀኑ ይበላዋል። ከመነሻው በላይ ባሉት ውድ ቦክስተሮች ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ ባለ አራት ሊትር ሞተር ድምፅ የተነደፈም ካለ አትከራከሩት።

እኛ ዘንድ ግን ምርጫው ሌላ መልክ ይዟል። ኢትዮጵያ ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለከለከለች፣ አዲሷ ማዝዳም ሆነች ቦክስተሩ ጂቡቲ ቢደርሱ ከዚያ አያልፉም። የሚገባው ኤሌክትሪክ ነው። ኤሌክትሪክ ደግሞ ለደንገጎ ሁለት ነገር ያመጣል። ሞተሩ አየር ስለማይተነፍስ ከፍታው ጉልበቱን አይነካውም፤ ድሬዳዋ ላይ የነበረው ሐረርም ላይ ይኖራል። ከሐረር ቁልቁል ሲወርድ ደግሞ የነዳጅ መኪና በፍሬን ሙቀት የሚያባክነውን ኃይል ከፊሉን ወደ ባትሪው ይመልሳል። የተቸገረው በክብደት ነው። ያች የድሮ የእንግሊዞች ኤምጂ፣ አሁን በቻይና ኩባንያ ባለቤትነት ሥር ሆና፣ ሳይበርስተር የምትባል ጣሪያዋ የሚከፈት ባለ ሁለት መቀመጫ የኤሌክትሪክ መኪና አውጥታለች። ባለ አንድ ሞተሯ 1,850 ኪሎ ግራም፣ ባለ ሁለት ሞተሯ ወደ 2,000 የሚጠጋ ትመዝናለች፤ በእንግሊዝ ዋጋዋ ከ50 ሺህ ፓውንድ በላይ ሆኖ ነው ገበያ የገባችው። ባለ ሁለት ሞተሯ ከቆመችበት ስትነሳ መነሻውን ቦክስተር ጥላው ትሄዳለች፤ ኩርባ ላይ ግን ያ ሁሉ ኪሎ ከነጓዙ ተመልሶ ይመጣል፤ ሰፊ ጎማው፣ ትልቅ ፍሬኑ፣ ጠንካራ ሞላው። ባትሪ በኪሎ የሚይዘው ኃይል እስኪጨምር ድረስ ርካሽ፣ ቀላልና ኤሌክትሪክ የሆነች ክፍት ስፖርት መኪና የሚፈልግ ሰው ከሦስቱ ሁለቱን መምረጥ ይኖርበታል።